ጠዋት ወይስ ከሥራ መልስ?

ደሴ ላይ ሥራ የሚበዛበት ሰው ስፖርት ልሥራ ካለ ያለው ሰዓት ሁለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ወይም ከሥራ መልስ።

የማታው ደስ ይላል። ሰውነት ሞቋል፣ የቀኑ ጭንቀትም በላብ ይወጣል። ችግሩ፣ ማታው የራስህ አይደለም። ልትወጣ ስትል አለቃህ "እስቲ ይቺን ሪፖርት አንዴ እያት" ይልሃል። ለቅሶ መድረስ አለ፣ ልጅ ማስጠናት አለ። እኔ በማታው አንድም ሳምንት ሳላቋርጥ ጨርሼ አላውቅም።

ስለዚህ ጠዋቱን መርጫለሁ። ያን ሰዓት ማንም አይደውልም። ብርዱ ግን ብርድ ነው፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣት ያደነዝዛል። ሹራቤንና ጫማዬን ማታውኑ በሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ከዚያ በጦሳ ተራራ በኩል ዳገቱን 30 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ። መሮጥ እንኳ አያስፈልግም፣ ዳገቱ ራሱ ልብን ያስመታል። በሳምንት 5 ቀን ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ የሚመክረው 150 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው።

አዳር ተረኛ የሆነ ሐኪም ወይም ነርስ ግን እንቅልፉን ቆርጦ ዳገት አይውጣ። መጀመሪያ ይተኛ፣ አመሻሽ ላይ ይሂድ።