ወዶ መውጣትና ተገፍቶ መውጣት፦ ከኮምቦልቻ ሲታይ

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች፤ በራሷ ፈቃድ። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአጎአ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል፣ ተሰረዘች፤ ሳትፈልግ።

ብሪታንያ በስምምነት ከቀረጥ ነፃ ንግዷን አትርፋለች። የመጣባት ጣጣ ወረቀት ነው፦ የጉምሩክ ሰነድ፣ የምርት መነሻ ማረጋገጫ፣ ፍተሻ። ትልቁ ድርጅት ይችለዋል፤ ትንሹ ነጋዴ ይማረራል።

እኛ ላይ የመጣው ራሱ ቀረጡ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰፋ የጥጥ ቲሸርት ያለ አጎአ አሜሪካ ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። የልብስ ስፌት ትርፍ ደግሞ ስስ ነው። ገዢው ፊቱን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። ለእኔ የእኛው ይከብዳል። አንዲት ቤት ለአራት ተከራይተው፣ ማለዳ ሰርቪስ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ትዕዛዝ ሲቀር መጀመሪያ የሚቀረው የእነሱ ኦቨርታይም ነው። አውሮፓ ግን ዛሬም ከቀረጥ ነፃ ይቀበለናል፤ ያንን በር አጥብቀን እንያዘው።