ቪሺ ወይስ ኤቪያን?

ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የማዕድን ውሃ ከተማ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ከጠየቀኝ ቪሺን እላለሁ። ኤቪያንም ቆንጆ ነው። የጄኔቫ ሐይቅ አለ፣ በነጻ ዳገቱን የሚያወጣው የድሮ ፉኒኩላር (በገመድ የሚጎተት ባቡር) አለ፣ የካሻ ምንጭም በነጻ ይቀዳል። ውሃው ግን ያው ጠርሙስ ላይ የምናውቀው ነው።

ቪሺ ሌላ ነገር ነው። ሴለስታን የሚባለው ምንጭ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ትንሽም ጋዝ አለው። ሾሜል የሚባለው ምንጭ ደግሞ ከመሬት የሚወጣው ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው፣ እሱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጠጡ! ሳልሳዊ ናፖሊዮን በ1860ዎቹ እየተመላለሰ ያሠራቸውን ቤቶች አይታችሁ፣ በብረት ጣሪያ ጥላ ሥር በፓርኩ አልፋችሁ ኦፔራው ጋ ትደርሳላችሁ፤ ሐምሌ 1940 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ፓርላማ ሥልጣኑን ከናዚ ጀርመን ጋር ለተባበረው ለማርሻል ፔታን አሳልፎ የሰጠው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ 80 ሰዎች ብቻ እምቢ ብለው። ይህን ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል።

ኤቪያንም ታሪክ አለው፣ የአልጄሪያን ጦርነት ያስቆመው ስምምነት በ1962 የተፈረመው እዚያ ነው። ዩኔስኮ በ2021 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግን ቪሺን ነው። ልጆች ይዛችሁ በአውሮፓ የሙቀት ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ከሆነ የምትሄዱት፣ ያኔ ኤቪያን ይሻላል፤ በጀልባም ከሐይቁ ማዶ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለችው ሎዛን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።