ፌት፦ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ሞክሬ ያየሁት

ፌት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የሚያዘጋጀው፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረተው፣ ሙከራዎችን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይና በነጻ የሚገኝ መሣሪያ ሲሆን፣ እኔም ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ለማስተምራቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ተጠቅሜበታለሁ።

ከሁሉ የወደድሁለት ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን ነው፤ ፒያሳ በዋይፋይ ያወረድሁትን የኤሌክትሪክ ዑደት ሙከራ ፋይል በፍላሽ ይዤ ገብቼ በላፕቶፕ ከፈትሁት። ተማሪዎች ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል እየጎተቱ ሲያገናኙ የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ በዓይን ይታያል፤ ባትሪ ሲጨመር ጉዟቸው ይፈጥናል፣ አምፖሉም ይደምቃል። አንዲት ተማሪ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በሽቦ ብቻ ብታገናኛቸው ባትሪው ስክሪኑ ላይ በእሳት ተያያዘና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ሾርት ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በተማሪዎች ስልክ ላይ ግን ነገሩ ያን ያህል አልሰመረም። ሽቦውን ከአምፖሉ ጫፍ ጋር በጣት ማገጣጠም በትንሽ ስክሪን ትዕግሥት ይፈታተናል፤ አንድ ስልክ ለአራት ሲሆን ደግሞ (የማንም መምህር ገጠመኝ ይመስለኛል) ባለቤቱ ለሌሎቹ ተራ አይለቅም። ፕሮጀክተሩ ይሻላል፣ መብራት እስካልጠፋ ድረስ።

የስክሪን አምፖል ጣት አያሞቅም። ስለዚህ ትምህርቱን የምጀምረው ከሱቅ በገዛሁት ባትሪ ድንጋይና በአሮጌ የእጅ ባትሪ አምፖል ሲሆን፣ ፌትን የምከፍተው ተማሪዎቹ «ሽቦው ውስጥ ምን እየሄደ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ነው።