ክራሽ 4 ደሴ ገባ፦ ኳስ የሰለቸው ይምጣ

ፕሌይስቴሽን ቤት የሚኖረው በኳስ ጌም ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ተራ ጠባቂው ከኋላ ቆሞ አሠልጣኝ ይሆናል። ሆጤ አካባቢ ያለችው የእኔ ቤትም በዚሁ ሕግ ነው የምትተዳደረው። ካሉኝ ማሽኖች አዲሱን፣ ፕሌይስቴሽን 5ቱን፣ ለአንድ ብርቱካናማ ዘላይ እንስሳ ልሰጥ ስነሣ ታናሽ ወንድሜ «እትዬ፣ የቤቱን ኪራይ እሱ ሊከፍልልሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ ይህን የምጽፈው፣ እንደ እኔ ቤት ላላቸውና ለልጆቻቸው ጌም ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ጌሙ «ክራሽ ባንዲኩት 4፦ ኢትስ አባውት ታይም» ይባላል። ልጆቹ ክራሽን «ቀበሮው» ይሉታል፤ ባንዲኩት ግን አውስትራሊያ ውስጥ የሚገኝ፣ ግልገሉን በኪሱ የሚያሳድግ ትንሽ እንስሳ ነው። የመጀመሪያውን ክራሽ ኖቲ ዶግ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1996 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሠራው፤ ሁለተኛው በ1997፣ ሦስተኛው በ1998 ተከተሉ። ከዚያ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን እኛ የተጫወትናቸው ክራሾች የሌሎች ስቱዲዮዎች ሥራ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ወዝ አልነበራቸውም። ቶይስ ፎር ቦብ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ለፕሌይስቴሽን 4፣ በመጋቢት 2021 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 5 ያወጣው ይህ ጌም እነዚያን ሁሉ ዘልሎ ታሪኩን ከሦስተኛው ክራሽ መጨረሻ ይቀጥላል። ቁጥሩ 4 የሆነውም ለዚህ ነው።

ታሪኩ ብዙ አያስጨንቅም። የክራሽ የቆየ ጠላት ዶክተር ኮርቴክስና የጊዜው ጌታ ነኝ ባዩ ትሮፒ ከታሰሩበት አምልጠው ዓለማትን ሊቀላቅሉ ይነሣሉ፤ ክራሽና እህቱ ኮኮ አራት ጭምብሎችን ሰብስበው ሊያስቆሟቸው ይሯሯጣሉ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክራሽ ራሱ ግን ቃል አይተነፍስም። ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ ይሰናከላል፣ ይጨፍራል። እንግሊዝኛ ያልዘለቀው ልጅም ከማንም እኩል ይስቃል።

የጌሙ ነፍስ ያለው በአራቱ ጭምብሎች ላይ ነው። አንዱ ጊዜን ያዘገያል፤ በአየር ላይ የሚወድቅ በረዶ እንኳ መረገጫ ይሆናል። ሌላው መሬትና ጣሪያን ይገለብጣል። ሦስተኛው ክራሽን እያሽከረከረ ገደል ያሻግረዋል። እኔን የያዘኝ ግን ላኒ ሎሊ ነው። ይህ ጭምብል ሲለበስ ከፊትህ ካሉት መረገጫዎች ግማሾቹ እውን ናቸው፣ ግማሾቹ ባዶ መስመር ብቻ። አንድ ቁልፍ ሲጫን መስመሩ እንጨት ይሆናል፣ እንጨቱ ይጠፋል። የቆምክበት እንዳይጠፋ መጀመሪያ ትዘላለህ፤ ቁልፉን የምትጫነው በአየር ላይ እንዳለህ ነው፤ ልታርፍ ስትል ደግሞ ቀጣዩ እንዲወለድ እንደገና ትጫናለህ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ ሲጫወት ከአጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። አውራ ጣቱ ሳይሆን ከንፈሩ ነበር የሚቆጥረው፦ «ዝለል፣ ንካ፣ ዝለል፣ ንካ።» ዜማውን ሲይዘው ትከሻው ወረደ፣ አለፈም። ጥሩ የዝላይ ጌም ማለት ይህ ነው፤ ስትወድቅ ለምን እንደወደቅክ ይገባሃል።

ክራሽ በሐዲድና በወይን ሐረግ ላይ የሚንሸራተትባቸው ቦታዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። መታጠፊያው ሳይታይ ይመጣል፣ እንቅፋቱ ከፊት ይደቀናል፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ ወደ ኮምቦልቻ በሚቻኮል ሚኒባስ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሀረጎን መውረድ በሉት። ተጫዋቹ ወደ ግራ ሲያዘነብል ከኋላ የቆሙት ሁሉ አብረውት ያዘነብላሉ።

አዲሱ ማሽን ምን ጨመረ ለሚለው፦ ሥዕሉ በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 60 ምስል ይሄዳል፤ በዝላይ ጌም ላይ ይህ ጌጥ አይደለም፣ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ለመገመት ያግዛል። ከክራሽ ሥር የሚታየው ቢጫ ክብም ማረፊያውን ይጠቁማል፤ ልምድ ያለው ሊያጠፋው ይችላል። ከሞት በኋላ ወዲያው ይመለሳል፣ ደረጃዎችም ሳያስጠብቁ ይከፈታሉ። እኔ የገዛሁት የፕሌይስቴሽን 4ን ሲዲ ነው፤ ወደ አዲሱ የሚያሳድገው ሥሪት በነፃ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ሲዲው ግን ሁልጊዜ ማሽኑ ውስጥ መኖር አለበት። ሲዲ የማይቀበለውን ፕሌይስቴሽን 5 የገዛችሁ ስለዚህ አትድከሙ። አንድ የደሴ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ መብራት በደረጃው መካከል ከሄደ ደረጃው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሁለት መቶ ሳጥን ሰብሮ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት መብራት የጠፋበትን ልጅ በ«አብሽር» ብቻ ማጽናናት አይቻልም፤ እኔ ሻይ እጋብዛለሁ።

አሁን ወደ ኪራዩ። ይህ ጌም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አያጫውትም፤ ለእኛ ዓይነት ቤት ትልቅ ጉድለት መስሎኝ ነበር። መፍትሔው ምርጫዎቹ ውስጥ አለ። «ፓስ ኤን ፕሌይ» በሚባለው አጨዋወት ከሁለት እስከ አራት ሰው ስሙን አስገብቶ ዋናውን ታሪክ አብሮ ይጫወታል፤ አንዱ ሲሞት ወይም የደረሱበትን በሚይዘው መመዝገቢያ ሳጥን ላይ ሲደርስ ጆይስቲኩ ለቀጣዩ ያልፋል። እዚህ ተሸናፊ የለም፣ ስለዚህ በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት ነው የማስከፍለው፤ አራት ልጆች አዋጥተው ይቀመጣሉ። ኳስ ሲጫወቱ ጎረቤታቸውን የሚሰድቡ ልጆች እዚህ «ቀስ በል፣ አረንጓዴው ሳጥን ይፈነዳል» ይባባላሉ። ቀዩ ሳጥን ሲረገጥ ሦስት ቆጥሮ ነው የሚፈነዳው፤ አረንጓዴው ግን ገና ሲነኩት ነው፤ ይህን አንዴ የተማረ ለሌላው ሳያስተምር አይቀርም። በኳሱ ተራ የማያገኙ ሴት ልጆችም ኮኮን መርጠው ይጫወታሉ፤ በአብዛኞቹ ደረጃዎች ከክራሽ ጋር እኩል ትሠራለች። ከትምህርት በኋላ ባለው ሰዓት አሁን ማሽኑ ባዶ አይሆንም። ቅዳሜ ማታ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ያኔ ኳስ ነው።

እኔ ራሴ የምጫወተው ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ቤቱ ጭር ሲል ነው፤ ቅሬታዬም የመጣው ከዚያ ነው። ጌሙ መቼ እንደሚበቃው አያውቅም። በእያንዳንዱ ዋና ደረጃ ስድስት ዕንቁዎች አሉ፦ ሦስቱ ፍሬ ለመሰብሰብ፣ አንዱ ሳጥኑን ሁሉ ለመስበር፣ አንዱ ከሦስት ጊዜ በላይ ላለመሞት፣ አንዱ ደግሞ የተደበቀ። ደረጃው በመስታወት ተገልብጦና ቀለሙ ተቀይሮ ሲመጣ ሌሎች ስድስት። ከዚያ የሰዓት ውድድር፣ ከዚያ ሁሉንም ሳጥን ሰብሮ አንዴም ሳይሞቱ መጨረስ። ሙሉ ውጤቱ 106 በመቶ ነው፤ መቶው አልበቃቸውም! ሳጥኖቹን ደግሞ ከካሜራው ጀርባ፣ ከዛፍ ኋላ፣ አንዳንዴም ከመነሻው አጠገብ ይደብቋቸዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ሳጥን ጎድሎ ሲቀር ችሎታህ አይደለም የተፈተነው፣ ትዕግሥትህ ነው። የመጨረሻው ደረጃ፣ የኮርቴክስ ቤተ መንግሥት፣ አራቱንም ጭምብል ስለሚጠይቅ ክብደቱ ይገባኛል፤ ርዝመቱን ግን ይቅር አልልም።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። በክራሽ ምትክ በሌሎች ገጸ ባሕርያት፣ በታውና፣ በዲንጎዳይልና በኮርቴክስ ራሱ፣ የምንጫወትባቸው ደረጃዎች አሉ። ዲንጎዳይል ከክፋት ጡረታ ወጥቶ ምግብ ቤት የከፈተ አዞ መሳይ ፍጡር ነው፤ የሚስብና የሚተፋ ማሽን ተሸክሞ ሲሄድ ደስ ይላል። ነገር ግን የእነዚህ ደረጃዎች ግማሽ ከተጠናቀቀ በኋላ ቀደም ሲል በክራሽ ያለፍነው መንገድ ሳጥኑ ተቀያይሮ ይመለሳል። በምግብ ቤት ቢሆን የትናንቱን ወጥ አሙቀው አቀረቡልኝ ብዬ ገንዘቤን እጠይቅ ነበር።

ለልጅ የሚገዛ ወላጅ «ሞደርን» የሚለውን አጨዋወት ይምረጥለት፤ ነፍስ አይቆጠርም፣ ከመመዝገቢያው ሳጥን እየተነሣ ይቀጥላል። «ሬትሮ» ነፍስ ቆጣሪው ነው፤ ሲያልቅ ደረጃው ከመነሻው ይጀመራል፤ እሱ እንደ እኔ ላሉ እልኸኞች ይቆይ። የክራሽና የኮኮ ልብሶች በዕንቁ እንጂ በብር አይከፈቱም፤ የባንክ ካርድ የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል ብላችሁ አትስጉ። ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ማሽን ካላችሁ አትግዙት፤ ኳሱን አስነሥታችሁ አትከርሙም። ሁለተኛ ማሽን ካላችሁና ከሰዓት በኋላ ባዶውን የሚቀመጥ ከሆነ ግን ግዙት፣ «ፓስ ኤን ፕሌይ»ውን ራሳችሁ ክፈቱላቸው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ልጆቹ በራሳቸው አያገኙትም።