ድሬ ላይ ቤት ቁጭ ብሎ፦ ከቴአትር የተወሰደ ፊልም ወይስ የድሮ አርት ፊልም?

ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰው ስለማያስወጣ ቬንትሌተር ከፍቶ ፊልም የሚያይ ብዙ ነው፣ እና የቱ ይሻላል ስትሉኝ መልሴ እንደ ሰዓቱ ይለያያል።

ከቴአትር የተወሰደው ጉልበቱ ንግግሩ ላይ ነው፣ አንድ መስመር ካመለጠህ ትዕይንቱ ይበላሻል፣ ስለዚህ ቬንትሌተሩ እየጮኸ በላፕቶፕ ስፒከር አይሆንም፣ ኢርፎን የግድ ነው። የሶቪየቱ ዳይሬክተር ኮዚንትሴቭ ከሼክስፒር ቴአትር የሠራውን ሃምሌት (እ.ኤ.አ. 1964) እዩት፣ ሩሲያኛ ነው ሰብታይትሉም ይሮጣል፣ ግን የጸጋዬ ገብረመድኅንን የአማርኛ ትርጉም ቀድሞ ያነበበ ሰው ታሪኩን ስለሚያውቀው ዓይኑ ፊቶቹና ባሕሩ ላይ ይቆያል። ለፊልሙ ሾስታኮቪች የሠራው ሙዚቃማ ሌላ ነገር ነው! ትርጉሙን ያላነበባችሁ መጀመሪያ አንብቡት በጣም ነው የምለምናችሁ።

አርት ፊልም ደሞ የሚያወራው በምስል ነው። የኃይሌ ገሪማን ምርት ሦስት ሺህ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1976) ውሰዱ፣ አማርኛ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን፣ ካሜራው ገበሬዎቹ ላይ ቆሞ አይቸኩልም፣ ጭሰኛና ባላባት ምን እንደነበር እንደዚህ ያሳየኝ የለም። ግን ቀን በመስኮት ፀሐይ እየገባ ካያችሁት ጥላው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይጠፋል፣ ስልክ ላይማ ባትሞክሩት ይሻላል።

እኔ ቀን ቴአትሩን፣ ማታ መብራት አጥፍቼ አርት ፊልሙን ነው የማየው፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ግን የኃይሌን። መብራት ስለሚጠፋ ላፕቶፑን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉት።