የድንች ዘር፦ ከገበያ ወይስ ከዘር አባዢ ማኅበር? ምርጫዬና ሂሳቡ

ግንቦት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ከባሶና ወራና ይደወላል፣ ከአንጎለላና ጠራ ይደወላል፣ ከመንዝ ይደወላል። ጥያቄው ያው ነው። «ጋሼ፣ የድንች ዘር ከየት ልግዛ?» ባለፈው ሳምንት ብቻ ለሦስት ሰው ያንኑ ነገር ደጋግሜ ተናገርኩ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መልሴን ላስቀድም። ከዘር አባዢ ማኅበር ግዙ። ገበያ ላይ «ምርጥ ዘር ነው» እየተባለ ከመኪና የሚወርደውን ተዉት። የገበያው ዋጋ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። እኔንም አጓጉቶኝ ነበር።

2014 ዓ.ም. ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያላትን አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) መሬት «ዘንድሮ ድንች አድርግበት» አለችኝ። ማኅበሩ ጋ ሄጄ ዋጋ ጠየቅኩና ደነገጥኩ። በገበያ ቀን ወጣሁ። አንድ ነጋዴ ከኢሱዙ ላይ ጆንያ እያወረደ «ጉደኔ ነው ወንድሜ፣ የሆለታ ዘር ነው፣ ለራሴ ማሳ ያመጣሁት ነው» አለኝ። ጉደኔ ከሆለታ ምርምር የወጣ የድንች ዝርያ ነው። በኩንታል 1,100 ብር ይረክሳል። ድንቹም ያምራል፤ ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ ታጥቦ የጸዳ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ለዘር የተቀመጠ ድንች አይታጠብም።

ሰኔ ላይ ተከልነው። አበቃቀሉ ጥሩ ነበር። ሁለት ጊዜ ኮተኮትን፣ አፈር አስታቀፍን። ነሐሴ ላይ ማበብ ሲጀምር እናቴ ደወለች። «ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሳል፤ ምን ሆኖ ነው?» ዝናቡ እየወረደ ድንች እንዴት ይጠወልጋል? ሄጄ ሳየው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ምች የሚባለው የቅጠል በሽታ አይደለም፤ ምች የመታው ቅጠል ይጠቁራል። ይኼ ከነልምላሜው ይዝላል። በሳምንቱ ማታም መነሳቱን ተወ።

የቀበሌው የልማት ሠራተኛ መጣች። አንድ ተክል ነቀለች። ግንዱን ከሥሩ ከፍ አድርጋ በምላጭ ቆረጠች። እናቴን በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ጠየቀቻት። የተቆረጠውን ግንድ በክር አስራ ጫፉን ብቻ ውሃው ውስጥ ነከረችው። ሦስታችንም ዝም ብለን አየን። ጥቂት ደቂቃ እንደቆየ ከተቆረጠው አፍ ነጭ ነገር እየተመዘዘ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ወተት በቀጭኑ ሲፈስ ይመስላል። «ባክቴሪያው ይኼ ነው» አለች። እናቴ በዚያ ብርጭቆ ዳግመኛ አልጠጣችም።

በሽታው አጠውላጊ ይባላል። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ከዘሩ ጋር ይመጣል፣ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ በጎርፍና በዶማ ላይ በተጣበቀ አፈር ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ከዚያ ጥማድ ከበሰበሰው ተርፎ የወጣው 19 ኩንታል ነው። የባሰው ግን የመሬቱ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ድንች አልተተከለበትም። ገብስና ስንዴ እየተፈራረቁበት ነው። ገቦ ድንች (ሳይተከል ራሱ የበቀለ) ብቅ ባለ ቁጥር እየተነቀለ ይወገዳል። አንድ ዓመት ድንች ስከስር እችለው ነበር። ማሳ ለዓመታት ማጣቱን ግን ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

ወደ ማኅበሩ ዘር ልምጣ። ብዙ ሰው «ድንች ያው ድንች ነው፣ ለምን ወደ እጥፍ ልክፈል?» ይለኛል። ምን እንደምትገዙ ካላያችሁ በእርግጥ ውድ ይመስላል።

ይኼ ዘር የሚጀምረው ከማሳ ሳይሆን ከላብራቶሪ ነው። ሆለታ ላይ የፌዴራሉ የግብርና ምርምር የባዮቴክኖሎጂ ማዕከል አለው። እዚያ ቲሹ ካልቸር በሚባለው ዘዴ ከጉንቁሉ ጫፍ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር የምታንስ ቁራጭ ትወሰዳለች። ጫፉ የሚመረጠው ቫይረስ እዚያ ድረስ እምብዛም ስለማይዘልቅ ነው። ቁራጯ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከጀርም በጸዳ ምግብ ላይ ትበቅላለች። ችግኝ ስትሆን በየአንጓዋ ትቆረጣለች፤ ከአንዷ ብዙ ይወጣል። በወር ገደማ እንደገና ይቆረጣል። ከዚያ ነፍሳት በማያስገባ የመረብ ቤት ይተከልና ትንንሽ ድንች ይሰጣል፤ ሚኒ ቲዩበር የሚሉት እሱን ነው። ሆለታ ላይ ያለ አፈርም ያመርቱታል። ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ማዳበሪያ ያለበት ውሃ እንደ ጉም ይረጭለታል። ከሚኒ ቲዩበሩ መስራች ዘር ይገኛል። ማኅበሩ መስራች ዘሩን አባዝቶ ለእኛ ይሸጣል።

የዚህ ሰንሰለት መነሻ የተሠራው በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ዝርያዎቹም እንደዚያው። ጃለኔ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ከሆለታ የወጡ ናቸው፤ መነሻቸው ፔሩ ካለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የመጣ ነው። የእኛም ማዕከል ድርሻ አለው። የዛሬው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሸኖ ይባል በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 ጎረቤላን፣ በ2003 ጌራን አውጥቷል። አንዱ የአንኮበር፣ ሌላው የመንዝ ስም ነው። በለጠ በምርምር ጣቢያ በሄክታር እስከ 470 ኩንታል ሰጥቷል። ገበሬ ማሳ ላይ ይኼን አትጠብቁ፤ 300 ገደማ ከደረሰ ጎበዝ ናችሁ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልናገር። ለባዮቴክኖሎጂ በጀት ተመደበ ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ላብራቶሪው ነው። ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ግን ጠርሙስ ውስጥ ያለ ችግኝ ብቻውን እኔ ማሳ አይደርስም። የመረብ ቤት ይፈልጋል፣ የዘር መጋዘን ይፈልጋል፣ ማሳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ የሚያይ የዘር ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። የሳሳው እዚያ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ዘር የሚያልቅበት ገዢ በዝቶ ብቻ አይደለም፤ መስራች ዘር በበቂ ስለማያገኝም ነው። ደግሞ አገራችን ለዘር የተፈጠረች ናት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቫይረስ ከተክል ተክል የሚያዛምተው ክሽክሽ የሚባል ትንሽ ነፍሳት ብርድ አይስማማውም፤ ስለዚህ ዘሩ እኛ ጋ ቶሎ አይዳከምም። ክልሉ ብሩን የሚያፈስበት ቦታ ከፈለገ ጣርማበርና አንኮበር ደጋ ላይ የመረብ ቤትና መጋዘን ይሥራ። ለቆላው ሁሉ ዘር ሻጮች እንሆን ነበር።

አሁን ዋጋ። በ2017 ዓ.ም. እኔ የከፈልኩትንና የጠየቅኩትን ነው የምጽፈው። የእናንተ ቀበሌ ትንሽ ሊለይ ይችላል።

ገበያው ኩንታሉ 2,600 ብር ነበር። ማኅበሩ 4,500 ብር። ለአንድ ጥማድ 5 ኩንታል ያስፈልጋል፤ በሄክታር 20 ኩንታል ማለት ነው። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ከሆነ ይበቃል። ስለዚህ ገበያ 13,000፣ ማኅበር 22,500። የ9,500 ብር ልዩነት! ብዙ ሰው የሚወስነው እዚህ ላይ ነው።

ግን ከገበያው 5 ኩንታል ውስጥ የተቆረጠው፣ የሸተተው፣ ጉንቁል የሌለው ሲለቀም ወደ 70 ኪሎ ይወጣል። ስድስተኛ ኩንታል ትጨምራላችሁ። 15,600 ብር ገባ። ከማኅበሩ ዘር ለመለቀም የሚያደርስ አላገኘሁም፤ መጓጓዣ ግን በኩንታል 150 ብር ከፍዬ 23,250 ሆነ።

የማኅበሩን ዘር ደግሞ ከራሳችሁ ምርት እያስቀራችሁ ሦስት ዓመት ትተክሉታላችሁ። የገበያውን ማስቀረት በሽታ ማስቀረት ነው፤ በየዓመቱ ትገዛላችሁ። «ያስቀረሁትስ ብሸጠው ብር አይሆንም?» ያለኝ ወዳጄ ትክክል ነው። ስለዚህ አስገባሁት። ምርት ሲደርስ የድንች ዋጋ 2,000 ብር ነበር። 5 ኩንታል ማስቀረት 10,000 ብር ነው፤ ለሁለት ዓመት 20,000። ከ23,250 ጋር 43,250። ለሦስት ሲካፈል በዓመት ወደ 14,400 ብር። የገበያው በዓመት 15,600። ውዱ የተባለው ዘር 1,200 ብር ይረክሳል። ይኼ ገና ምርት ሳይታይ ነው።

ምርቱ ደግሞ ይኸው። የገበያው ዘር 19 ኩንታል ሰጠኝ። የማኅበሩ፣ እዚያው ሠፈር ሌላ ማሳ ላይ፣ 52 ኩንታል። በ2,000 ብር አስሉት፤ 38,000 እና 104,000።

ማስቀረት ስል ግን ከተቆፈረው ክምር ትንንሹን መልቀም ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ትልቁ ለገበያ፣ ኮሳሳው ለዘር። ኮሳሳው ብዙ ጊዜ የታመመው ተክል ልጅ ነው። እኔ የማደርገው አበባ ላይ እያለ ማሳውን እዞራለሁ። ጠንካራ፣ ቅጠሉ ያልተጠቀለለ፣ ጎረቤቶቹም ጤነኛ የሆኑ ተክሎች አጠገብ ችካል እተክላለሁ። ሲቆፈር ባለ ችካሎቹ ለብቻ ይወጣሉ። እንቁላል የሚያክለው ለዘር ይቀመጣል።

አቀማመጡም ሌላ ጉዳይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጨለማ ጎተራ ውስጥ የቆየ ድንች ነጭ፣ ረጅም፣ ሲነኩት የሚሰበር ጉንቁል ያወጣል። ብርሃን የሚገባው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መጋዘን ውስጥ ግን ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ይሆናል። ከባሕር ዛፍ አጣና መደርደሪያ ሠርቼ፣ ጣሪያውን ሣር ከድኜ፣ ጎኑን ክፍት ትቼ ነው የማስቀምጠው። ወጪው ጥቂት ምስማርና የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ወደ አስመሳዮቹ ልመለስ። የተዳቀለ በቆሎ ከረጢቱን አይታችሁ ትለዩታላችሁ። ድንች ከጆንያ ከወጣ በኋላ ጉደኔ ይሁን በለጠ መለየት ይከብዳል፤ ነጋዴው የሚተማመነውም በዚህ ነው። ስለዚህ ድንቹን ሳይሆን ማሳውን እዩ። ሻጩን «ነሐሴ ላይ መጥቼ ማሳህን ልየው» በሉት። እምቢ ካለ ጨርሳችኋል። የተቆጣጣሪ ወረቀት ጠይቁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ዘመን የዘንድሮ መሆኑን አንብቡ። ከየጆንያው ሁለት ሁለት ድንች አውጥታችሁ ቁረጡ። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ካለ፣ ወይም ሲጫኑት ነጭ ፈሳሽ ካወጣ አትንኩት። ዓይኑ ላይ አፈር ሙጭጭ ብሎ ከተጣበቀም እንደዚያው። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

የምች መድኃኒትም ሐሰተኛ አለ። አንድ ሱቅ ማሸጊያው ቁርጥ ዋናውን የሚመስል ሸጦልኝ ሦስት ጊዜ ረጭቼ በሽታው እንዳልነካሁት ቀጠለ። ማሸጊያው የተከፈተውንና በጥቃቅን የሚሸጠውን አትግዙ፤ ደረሰኝም ጠይቁ።

ማኅበሩም እንከን የለውም አልልም። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። አንድ ዓመት ግንቦት ተብሎ ሰኔ አጋማሽ ላይ ደረሰልኝ። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ጆንያ ውስጥ ሌላ ዝርያ ተቀላቅሎ አገኘሁ። ሄጄ ስናገር ግን ሰው አለ፤ ለወጡልኝ። ኢሱዙው ያን ጊዜ የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሚኒ ቲዩበር በቀጥታ ልግዛ ለምትሉ፣ ተዉት። በፍሬ ነው የሚሸጠው፤ ለአንድ ጥማድ 11,000 ፍሬ ይፈልጋል። እሱ ለሚያባዛ ማኅበር ነው።

«እኔ ለጓሮ፣ ለቤት ፍጆታ ነው፣ የገበያው አይበቃኝም?» የምትሉም አላችሁ። አይበቃም። ጓሯችሁ ውስጥ የገባው በሽታ ክረምት በጎርፍ ወደታች ማሳ ይወርዳል። ከታች ያለው የጎረቤት ማሳ ነው።

እኛ ጋ ምዝገባው የካቲት ላይ ይጀመራል፤ መጋቢት ካለፈ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስትሄዱ አዲስ ጆንያ ያዙ። የገበያ ድንች የነበረበትን ጆንያ ለዘር አታድርጉ፤ አፈሩ ስፌቱ ውስጥ ይቀራል። እኔ የ2014ቱን ጆንያዎች አቃጥያቸዋለሁ።