የዓሣ ክትባት ቡድን ለምትፈልጉ፦ እኔ የማመሰግናቸው እነዚህን ነው

ኖርዌይ ውስጥ በሳልሞን ጫጩት ማሳደጊያ የምትሠሩ ሐበሾች፣ ይህቺን ለእናንተ ነው የምጽፋት።

ዘንድሮ ዓሦቻችንን የከተበልንን ቡድን፣ በተለይ መሪያቸውን፣ ከልቤ ላመሰግን ነው። ስሟን ሳላስፈቅዳት አደባባይ አላወጣም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

አምና በሌላ ቡድን አስከትበን አንገብግቦናል። ፍጥነታቸው ጉድ ያሰኝ ነበር። በኋላ ዓሦቹን ስንከፍት ግን አንዳንዱ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ቀርቷል፤ አንዳንዱ አንጀቱ ከሆዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ክትባቱ ዘይት ስላለበት ቦታውን ከሳተ ጉዳቱ አይጣል ነው።

ይቺ ሴት ገና ስትገባ የጠየቀችኝ፣ ምግብ ካቆማችሁ ስንት ቀን ሆነ ብላ ነው። አንዱ ገንዳ እስከ ትናንት ይመገብ ነበር። እሱን አልነካም አለች። ሆዱ ሙሉ የሆነ ዓሣ ሲወጋ መርፌው አንጀት ያገኛላ! ሌሎቹን ጨርሳ፣ ለዚያ ገንዳ ብቻ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች።

ሥራ ላይ ደግሞ በየመሀሉ ከተከተቡት ጥቂቱን አንስታ ትከፍታለች። "ና፣ እየው" ብላ አሳየችኝ። ወተት የመሰለች ጠብታ፣ ከሆድ ክንፉ ትንሽ ወደ ፊት፣ ከመሀል መስመሩ ሥር ቁጭ ብላለች። መርፌው ደነዝ ካለ ወዲያው ይቀየራል።

ስትሄድም የግድግዳው ሰሌዳ ላይ "500" ብላ ጻፈች። የውሃው ሙቀት በቀን ተባዝቶ 500 እስኪሞላ ዓሣው ባሕር አይወርድም ማለቷ ነው። ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነ 50 ቀን። አለቃችን ሲቸኩል ፊት ለፊት ተከራከረችልን። ያለጊዜው ተወርዶ ዓሣ ሲታመም የሚሰደበው ክትባቱ ነዋ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ፉሩንኩሎሲስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1985 ከስኮትላንድ በመጡ ጫጩቶች እዚህ ገብቶ እርባታውን አመሰው። በ1987 ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ለዓሣ ፈሰሰ። ዛሬ ምርቱ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ፣ አንቲባዮቲኩ 1 ቶን እንኳ አይሞላም። ይህን በዋናነት ያመጣው ክትባት ነው፤ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚወጋ እጅ ሲኖር።

ደግሞ አትዋሽም። የክረምት ቁስልን (ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓሣውን ቆዳ የሚያቆስለውን የባክቴሪያ በሽታ) ስጠይቃት፣ ክትባቱ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ላይ ያለው ባልደረባዬ የተከፈቱ ዓሦች ፎቶ ላከልኝ። መጣበቁ ለምልክት ያህል ብቻ ነው። ወዲያው ለእሷ አስተላለፍኩላት።

ጸደይ ሲመጣ ቀን አይገኝላትም፣ ከአሁኑ ያዟት።